የትኛው የአእምሮ ምስል ለየትኛው ሒሳብ? ለጎጃም ተማሪዎች፣ ወላጆችና መምህራን

«ሒሳብ በሽምደዳ አይሆንም» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ነገ ፈተና ያለበትና ቀመሩ አልያዝ ያለው ልጅ ግን በዚህ አባባል ብዙም አይጠቀምም። ቀጥሎ የሚመጣው ምክር «በአእምሮህ ሳለው» የሚል ነው። ይኼኛው ይሻላል፤ ግን ግማሽ ምክር ነው። ምኑን ይሳለው? የማሳ ንድፍ? የሚያውቀውን መንገድ? አስቂኝ ተረት? የእጁን ጣቶች? ሁሉም የአእምሮ ምስል ይባላሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ክፍልፋይ ላይ የሚያግዘው ትሪጎኖሜትሪ ላይ ጊዜ ያባክናል።

ይህ መመሪያ በመካከላቸው መምረጥ ለሚቸግረው ነው። ፕሮጀክተር አይጠይቅም። ጠመኔ፣ ሰሌዳና ደብተር ይበቃሉ።

መጀመሪያ ይህን ይጠይቁ

ልጁ ሊይዘው የሚፈልገው ነገር ምክንያት አለው ወይስ ሰዎች የተስማሙበት ልማድ ነው?

የ(ሀ + ለ)² ቀመር ምክንያት አለው። የረሳው ሰው ትንሽ ቢያስብ እንደገና ያገኘዋል። ሳይን ማለት የትኛው ጎን ለየትኛው ሲካፈል እንደሆነ ግን ስምምነት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቢያስቡ አይገኝም፤ ወይ ያውቁታል ወይ አያውቁትም።

የመጀመሪያው ዓይነት ምክንያቱን የሚያሳይ ንድፍ ይፈልጋል። ለሁለተኛው የሚያስቅም ሆነ የሚያስደነግጥ፣ ከጭንቅላት የማይወጣ ነገር ከተገኘለት ይበቃዋል። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ ሲቀያየሩ ነው። ምክንያት ያለውን ነገር በተረት የያዘ ልጅ ተረቱ የጠፋበት ቀን ሒሳቡም አብሮ ይጠፋበታል።

ንድፍ፦ የማሳው ስዕል

ጊዜ ካለዎት እዚህ ላይ ያውሉት። ከሁሉም ዘዴዎች የበለጠ የሚከፍለው ይህ ነው።

ተማሪዎች በጣም ከሚደጋግሟቸው ስህተቶች አንዱ (ሀ + ለ)² = ሀ² + ለ² ብሎ መጻፍ ነው። መምህሩ ያርማል፣ ተማሪው በሳምንቱ ይደግመዋል። አሁን ጎኑ 10 ሜትር የሆነ ካሬ ማሳ ያስቡ። ባለቤቱ በምሥራቅም በደቡብም 3 ሜትር አሰፋው እንበል። አዲሱ ማሳ ጎኑ 13 ሜትር፣ ስፋቱ 169 ካሬ ሜትር ነው። በተሳሳተው መንገድ ሲሰላ ግን 100 ሲደመር 9፣ 109 ብቻ ይመጣል። 60 ካሬ ሜትር የት ገባ? ስዕሉ ፊቱ ያለ ልጅ ጣቱን ለመጠቆም አይዘገይም። በሁለቱ ጎኖች የተጨመሩት ሁለት ቁራጮች ተረስተዋል። እያንዳንዳቸው 10 በ3፣ ማለትም 30 ናቸው። 2ሀለ የሚባለው እነሱ ናቸው። የመሬት ነገር በሚያጣላበት አገር ላደገ የገበሬ ልጅ ደግሞ፣ 60 ካሬ ሜትር «ረሳሁት» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ይኸው ስዕል በቃል ለማስላትም ይሆናል። 23²ን ለማግኘት ጎኑ 20 የሆነውን ማሳ በ3 ማስፋት ነው፦ 400፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ 60፣ ከዚያ 9። ድምሩ 529።

ዘዴው የዛሬ አይደለም። አል-ኽዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ ስለ አልጀብራ ሲጽፍ፣ ማረጋገጫዎቹን ያሳየው በካሬና በሬክታንግል ንድፍ ነበር። የጎደለችውን ማዕዘን ሞልቶ ካሬውን ሙሉ ያደርገዋል። ተማሪዎቻችን ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌር እያሉ የሚሸመድዱት ነገር መነሻው እውነተኛ ካሬ ነው። ይህን የሚነግራቸው ግን ብዙ የለም።

ወደ ክፍልፋይ እንምጣ። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው እንጀራ ይስላል። ግማሽና ሩብን ለማስተዋወቅ እንጀራን የሚያህል የለም። 1/3 + 1/4 ሲመጣ ግን እንጀራው ያስቸግራል። ክብን በእጅ ሦስት እኩል ቦታ መክፈል ራሱ ሌላ ሥራ ነው፤ ቁራሾቹን አስጠግቶ ድምሩን ማንበብ ደግሞ አይቻልም። በዚህ ጊዜ ወደ ሬክታንግል መዞር ይሻላል። በአንድ በኩል 3፣ በሌላ በኩል 4 ቦታ ሲከፈል 12 ትናንሽ ቤቶች ይወጣሉ። ሲሶው 4 ቤት፣ ሩቡ 3 ቤት ነው። ድምሩ 7/12። ተማሪው የጋራ ታህት ለምን እንደሚፈለግ በዓይኑ ያየዋል። ለማካፈል ደግሞ ቁናን ይጠቀሙ። 3 ቁና ጤፍ በግማሽ ቁና ሲሰፈር ስንት ጊዜ ይሰፈራል? 6 ጊዜ። 3 ÷ 1/2 ለምን ከ3 እንደሚበልጥ ለማሳየት ከዚህ የቀለለ አላውቅም። «ገልብጠህ አባዛ» የሚለው ሕግ ከዚህ በኋላ ቢመጣ ይሻላል።

የአሉታዊ ቁጥሮች መስመር ብዙ ጊዜ በአግድም ይሰመራል። በቁም ቢሰመር ለጎጃም ልጅ ይቀርባል። ደጀንን ዜሮ እንበለው። ከዚያ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚወስደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ወደ ጮቄ በኩል ሲታሰብ ደግሞ ሽቅብ ነው። -5 ከ-2 ለምን እንደሚያንስ የማይገባው ልጅ «የትኛው ወደ ወንዙ ይቀርባል?» ሲባል ይገባዋል። መደመርና መቀነስም በዚሁ ይሄዳሉ።

ገደብ ግን አለው። ሁለት አሉታዊ ቁጥሮች ሲባዙ ለምን አዎንታዊ ይሆናሉ የሚለውን የበረሃው መንገድ አያስረዳም። በግድ ላስረዳበት ያለ መምህር ልጆቹን ያምታታቸዋል። እዚያ ላይ ምስሉን ትቶ ተከታታይ መጻፍ ነው፦ 2 × (-2) = -4፣ 1 × (-2) = -2፣ 0 × (-2) = 0። በየእርምጃው መልሱ በ2 ይጨምራል። ስለዚህ (-1) × (-2) = 2 ከመሆን ሌላ አማራጭ የለውም።

ስዕል ሁሉ ስዕል አይደለም

አንድ ጥያቄ እንውሰድ። ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ አጥር በየ4 ሜትሩ ቋሚ ይተከልበታል፤ ሁለቱም ጫፎች ላይ ቋሚ አለ። ስንት ቋሚ ያስፈልጋል? ብዙ ልጅ 20ን ለ4 አካፍሎ 5 ይላል። መልሱ 6 ነው።

«በአእምሮህ ሳለው» ሲባል አንዱ ልጅ ባሕር ዛፉን፣ ልጣጩን፣ አጥሩ ላይ የቆመችውን ዶሮ ጭምር ያያል። ሌላው አንድ መስመርና ነጥቦች ብቻ ያያል። የሚያገኘው ሁለተኛው ነው። ሜሪ ሄጋርቲና ማሪያ ኮዝሄቭኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ነው ያሳየው። በነገሮቹ መካከል ያለውን ግንኙነት የሚስሉ ተማሪዎች በቃላት የቀረቡ የሒሳብ ጥያቄዎችን በመፍታት የተሻሉ ሆኑ። የነገሮቹን መልክ በዝርዝር የሚስሉት ግን ዝቅ አሉ። ስለዚህ ልጁ ሲስል አይተው «ጎበዝ» ከማለትዎ በፊት ምን እንደሳለ ይመልከቱ። ዶሮዋ ትውጣ።

የመንገድ ዘዴ

ይህ በዓለም የማስታወስ ውድድሮች ዝነኛ የሆነው ዘዴ ነው። የሚያውቁትን መንገድ በሐሳብ እየሄዱ፣ በየፌርማታው አንድ የሚታወስ ነገር ያስቀምጣሉ። ሲፈልጉ ያንኑ መንገድ ተመልሰው ይሄዱበታል። ጅማሬው ለጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ ለሲሞኒዲስ ይሰጣል። ኤልኖር ማጓየርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት በማስታወስ የታወቁ ሰዎችን መርምረው፣ ከሌላው ሰው የተለየ የአእምሮ ብቃት እንደሌላቸውና አብዛኞቹ ይህን ዘዴ እንደሚጠቀሙ አግኝተዋል።

ለእኛ መንገዱ ዝግጁ ነው። ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ፣ ባሕር ዳር። አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚያውቅ ልጅ ቅደም ተከተሉን አይስተውም።

ለሒሳብ የሚጠቅመው ቅደም ተከተል ላለው ነገር ነው። የስሌት ቅደም ተከተልን እንሞክር። ደጀን መግቢያ ላይ ሁለት ትልልቅ ቅንፎች ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ አውቶቡሱ በመካከላቸው ያልፋል። ደብረ ማርቆስ አደባባይ ላይ አንድ ግዙፍ ቁጥር ትከሻው ላይ ትንሽ ቁጥር አዝሎ ቆሟል፤ ኤክስፖነንት ነው። ደምበጫ ላይ ማባዛትና ማካፈል አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ፍኖተ ሰላም ላይ መደመርና መቀነስ በአንድ ጃንጥላ ዝናብ ይጠለላሉ።

አግዳሚ ወንበሩ አንድ የሆነው በምክንያት ነው። ቅደም ተከተሉን በእንግሊዝኛ ፊደላት የሸመደዱ ብዙ ተማሪዎች ማባዛት ሁልጊዜ ከማካፈል ይቀድማል ብለው ያምናሉ። 24 ÷ 4 × 2 ሲሰጣቸው 3 ይላሉ። ትክክሉ 12 ነው፤ ሁለቱ እኩል ናቸውና ከግራ የመጣው ይቀድማል። ሻዩም መጀመሪያ ለደረሰው ይቀዳል።

ከዚህ በላይ ግን ዘዴውን ብዙ አላሞካሸውም። ለታሪክና ለባዮሎጂ ይመቻል። ሒሳብ ውስጥ እንዲህ በቅደም ተከተል የሚያዝ ነገር ጥቂት ነው። ደግሞም አንድ መንገድ ላይ ሁለት ዝርዝር ከተቀመጠ ይቀላቀላል። ሌላ መንገድ ካስፈለገ ከባሕር ዳር በአዴት፣ ሞጣና ቢቸና ወደ ደጀን የሚመጣው አለ። ሁሉንም ቀመር ከተማ ላይ ለመስቀል የሚሞክር ተማሪ ሲያዘጋጅ ፈተናው ይደርሳል።

ድምፅና ጣት

እነዚህ ርካሽና ፈጣን ናቸው። 7 × 8 የሚጠፋበት ልጅ «አምስት ስድስት፣ ሰባት ስምንት» ይበል፦ 56 = 7 × 8። ለሳይን፣ ለኮሳይንና ለታንጀንት «ሶህ ካህ ቶአ» አለ፤ ሳይን ተቃራኒው ጎን (opposite) ለሃይፖተኑስ (hypotenuse)፣ ኮሳይን አጎራባቹ ጎን (adjacent) ለሃይፖተኑስ፣ ታንጀንት ተቃራኒው ለአጎራባቹ ሲካፈል ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን የፊደላቱ ትርጉም አብሮ መነገር አለበት። አለበለዚያ ልጁ ድምፁን ይዞ የትኛው ጎን የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ይቀራል።

የ9 ማባዣ በጣት ይሆናል። ለ9 × 4 ከግራ አራተኛውን ጣት ይጠፉ። በግራው 3፣ በቀኙ 6 ጣት ይቀራል፦ 36። እስከ 9 × 10 ይሠራል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም።

ሳይን ላይ እውነተኛ ምርጫ አለ። ለ0፣ 30፣ 45፣ 60 እና 90 ዲግሪ አምስቱን ጣቶች በተራ √0/2፣ √1/2፣ √2/2፣ √3/2፣ √4/2 ብሎ መቁጠር ይቻላል። በጣም ይፈጥናል። ሌላው መንገድ ሁሉም ጎኑ 2 የሆነ ሦስት ማዕዘን ስሎ መሃል ለመሃል መክፈል ነው። 1፣ √3 እና 2 ጎኖች ያሉት ግማሽ ይወጣል፤ 30ና 60 ዲግሪም አብረው ይወጣሉ። ለ45 ደግሞ ካሬ በሰያፍ ይከፈላል። የጣቱ ዘዴ ለፈተና፣ ሦስት ማዕዘኑ ለዘለቄታው ነው። አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ሦስት ማዕዘኑን እመርጣለሁ፤ ጣቱን የረሳ ልጅ መጠጊያ የለውም።

በቃል መያዝስ?

በቃል መያዝን እዚህ አገር ላይ ሆኖ መናቅ አይቻልም። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅና ደብረ ኤልያስ የተባሉት የአብነት ትምህርት ማዕከሎች ያሉበት ምድር ነው። የቆሎ ተማሪ የሚይዘውን ያህል የእኛ ተማሪ ቢይዝ ስለ ቀመር ማንም ባልተጨነቀ። ግን የአብነቱን ትምህርት ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ በውስጡ መዋቅር እንዳለ ያስተውላል።

የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን ይውሰዱ። የዕለታት ተውሳክ፣ ማለትም ለየዕለቱ በስሌቱ የሚደመረው ቁጥር፣ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2 ነው። ሰባት ቁጥር ለብቻ ለብቻ መያዝ አያስፈልግም። ከቅዳሜ 8 ተነስቶ አንድ አንድ እያሉ መውረድ ነው። አበቅቴና መጥቅዕም እንዲሁ ናቸው። ወንበር የሚባለው ከ19 ዓመቱ ዑደት ለየዓመቱ የሚወጣ ቁጥር ነው። እሱ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው መጥቅዕ ነው። የ2018 ዓ.ም. ወንበር 12 ነው። 132 ለ30 ሲካፈል 12፣ 228 ለ30 ሲካፈል 18 ይተርፋል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው። ሁልጊዜም 30 ናቸው፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሚሞሉ። 30 ቦታ የተከፈለ ክብ ስለው አበቅቴን ቢያጠቁሩ፣ ሳይጠቁር የቀረው መጥቅዕ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሞጁላር አርትሜቲክ (በቀሪ የሚሠራ ሒሳብ) የሚለውን የኔታ ያለ ሰሌዳ ሲያስተምሩት ኖረዋል። የሒሳብ መምህራን ይህን ምሳሌ ክፍል ውስጥ አለመጠቀማቸው ይቆጨኛል።

ከአብነቱ የሚወሰድ ሌላም ነገር አለ። የተያዘው ነገር ሳይታይ፣ በሰው ፊት ይባላል። ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህን ይደግፋል። ጽሑፉን ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ራሳቸውን የፈተኑት ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታወሱ። ከላይ ያሉት ምስሎች ሁሉ በዚህ መንገድ ካልተፈተኑ ይደበዝዛሉ። ደብተሩን ዘግቶ ማሳውን እንደገና መሳል፣ ሦስት ማዕዘኑን እንደገና መክፈል ነው። ያላወጣውን ከዚያ ገልጦ ያያል።

ምስል የማይመጣለት ልጅ

ዓይናቸውን ጨፍነው ምንም የማያዩ ሰዎች አሉ። ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1880 ጽፎበታል፤ አፋንታዥያ የሚለውን ስም ደግሞ አዳም ዜማንና ባልደረቦቹ በ2015 አወጡለት። እንዲህ ያለ ልጅ «ቲቸር፣ እኔ ምንም አይታየኝም» ቢል እየቀለደ አይደለም። ሰነፍም አይደለም። ንድፉን ወረቀት ላይ ይሥራው፤ በንድፍ ዘዴ የሚቀርበት ነገር የለም። የመንገድ ዘዴውን ግን አያስገድዱት።

ታዲያ የትኛውን?

ልጅዎ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ከሆነ ጣትና ድምፅ ለማባዣ፣ ቁናና ሬክታንግል ለክፍልፋይ ይሁኑ። የመንገድ ዘዴ ገና ነው።

ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ያለው ዕድሜ የንድፍ ጊዜ ነው። የቁጥር መስመሩ፣ ማሳው፣ የአጥሩ ነጥቦች እዚህ ካልገቡ በኋላ ማካካስ ይከብዳል። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ በአንድ ንድፍ ቢያልቅ ምዕራፉ ዘገየ ብለው አይጨነቁ።

ከዘጠነኛ በላይ ሁለቱን መቀላቀል ግድ ነው። ማረጋገጫ ያለው ሁሉ በንድፍ፣ ስያሜና ስምምነት በድምፅ። ብዙ ተማሪ ያለበት ክፍል የሚያስተምር መምህር ሁሉን አንድ ዓይነት ምስል እንዲስል ማስገደድ የለበትም። አንድ ንድፍ ሰሌዳ ላይ ያድርግ፣ ከዚያ ያጥፋው፣ ተማሪዎቹ ከራሳቸው አውጥተው ይሳሉት።

ለፈተና አንድ ቀን የቀረው ተማሪ አዲስ ምስል መፍጠር አይጀምር። ያለውን ይፈትሽ። ፈተናው ላይ ጀምሩ እንደተባለ፣ ለማስሊያ በተፈቀደው ወረቀት ጥግ ላይ ግማሹን ሦስት ማዕዘን፣ የተከፈለውን ካሬና «ሶህ ካህ ቶአ»ን ያስፍር። ወደ ጥያቄዎቹ ከዚያ በኋላ ይግባ።